ካርታችን ማንን ይደብቃል?



ዛሬ ዛሬ በክፍል ውስጥ ጥናቱን የሚያቀርብ ተማሪ ሁሉ አንድ ካርታ ሳያሳይ አይቀመጥም። ድሮ ካርታ የጂኦግራፊ ተማሪዎች ድርሻ ነበር፤ ቀለሙንም በእጁ የሚቀባው ሰው ቀናት ሙሉ ጠረጴዛው ላይ ሲያጎነብስ ይሰነብት ነበር። አሁን ግን በኤክሴል በአንዱ ዓምድ የክልሎችን ስም፣ በሌላው ዓምድ ቁጥሩን ጽፎ፣ «ኢንሰርት» ከሚለው ሥር «ማፕስ» የሚለውን መንካት ይበቃል። ኢንተርኔት ካለ ሀገሪቱ ከነክልሎቿ ብቅ ትላለች፤ ቁጥሩ የበዛበት ክልል ይጠቁራል፣ ያነሰበት ይነጣል። መምህሩም ተማሪውም ያደንቃል። እኔም ከአድናቂዎቹ አንዱ ነበርሁ። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ግን ለማድነቅ ሳይሆን ለመክሰስ ነው፤ የምከሰውም መሣሪያውን ሳይሆን ራሳችንን ነው።

ክሱ አጭር ነው። ሳናካፍል እንቀባለን። የወሰኑንና የቁጥሩን ዓመት ሳናመሳክር እንቀባለን። ያልተቆጠረውንም ሰው እንደሌለ አድርገን እንቀባለን። በዚህም ምክንያት ብዙ ያማሩ ካርታዎቻችን ሰውን ከማሳየት ይልቅ ይደብቃሉ።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ባለፈው መንፈቅ የአዲስ አበባን ሕዝብ በክፍለ ከተማ የሚያሳይ ካርታ ሠርቼ ነበር። ኤክሴል ክልልን በስሙ ሊለይ ቢችልም ክፍለ ከተማን በስሙ ያውቃል ብሎ መተማመን አይቻልምና፣ ወሰኖቹን የያዘ ፋይል ከጓደኛዬ ተቀብዬ «ስሪ ዲ ማፕስ» በሚባለው ክፍሉ አስገባሁት። ቁጥሩን የወሰድሁት በ1999 ዓ.ም. ከተካሄደው ከሦስተኛው የሕዝብና የቤት ቆጠራ ነው። በዚያን ጊዜ ከተማይቱ 10 ክፍለ ከተሞችና 2,739,551 ነዋሪዎች ነበሯት። ኮልፌ ቀራንዮ 428,895 ሰው ይዞ ከሁሉ ጠቆረ። የካ፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶና ቦሌ ተከተሉት። አዲስ ከተማ ግን 255,372 ሰው ይዞ በስድስተኛ ደረጃ ፈዘዝ አለ፤ መሬቱም ጠባብ ስለሆነ በካርታው መሐል እንደ ጠብታ ሆኖ ቀረ።

አቅርቤ ስጨርስ መርካቶ አጠገብ ተወልዶ ያደገ አንድ የክፍሌ ልጅ እጁን አወጣ። «ወንድሜ፣ እኛ ስምንት ሆነን በአንዲት ክፍል ነው ያደግነው። በአንተ ካርታ ግን ሰፊው ሜዳ በሰው ሞልቷል፣ የእኛ ሰፈር ገርጥቷል። ለመሆኑ የቀባኸው ሰውን ነው ወይስ መሬትን?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን መልስ አልነበረኝም።

ማታ ተመልሼ አንድ ዓምድ ጨመርሁና የሰውን ቁጥር ለስፋቱ አካፈልሁ። ሥራው የማካፈያ ምልክቱን በመጀመሪያው ሴል ጽፎ ወደ ታች መጎተት ብቻ ነው፤ አንድ ደቂቃም አይፈጅም። አዲስ ከተማ 7.41 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ በእያንዳንዱ ካሬ ኪሎ ሜትር 34,463 ሰው ይኖርበት ነበር። ቦሌ 122.08 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ የሚደርሰውም 2,531 ሰው ብቻ ነው። ልዩነቱ ከአሥራ ሦስት እጥፍ ይበልጣል። ካርታው ተገለበጠ። ገርጥቶ የነበረው መሐል ከተማ፣ አዲስ ከተማ፣ ልደታ፣ አራዳና ቂርቆስ፣ ጠቆረ፤ ጠቁሮ የነበረው ዳር ነጣ። ቁጥሮቹ ያው ቁጥሮች ናቸው፤ አንዱም አልተለወጠም።

ታዲያ ይህ የተማሪ ቤት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ባልጻፍሁ ነበር። ነገር ግን ከእኛ አብዛኞቹ ነገ በየወረዳው፣ በየቢሮው፣ በየእርዳታ ድርጅቱ ተቀጥረን ይህንኑ ካርታ ለአለቃ የምናሳይ ነን። አለቃውም ሠንጠረዡን ለመመርመር ጊዜ የለውም፤ የሚያየው ጥቁሩን ቦታ ነው። የውኃ ቦቴ፣ የጤና ጣቢያ፣ የመጸዳጃ ቤት በጀት ወደ ጠቆረው ይሄዳል። ያን ጊዜ የዚያ ልጅ ጥያቄ ሳቅ መሆኑ ይቀራል።

እርግጥ ነው፣ ለሁሉም ነገር አካፋዩ ስፋት አይደለም። ስለ ጤና ጣቢያ ከሆነ ለነዋሪው ብዛት ይካፈላል፤ ስለ ትምህርት ቤት ከሆነ ለትምህርት ለደረሱት ልጆች። ያልተካፈለውን ብዛት ማሳየት የግድ ከሆነም በቦታው ላይ ክብ ወይም ዓምድ ማቆም ይቻላል፤ ስሪ ዲ ማፕስ ሁለቱንም ያውቃል። ክቡ ሲተልቅ ዓይን ብዛት መሆኑን ይረዳል። የተቀባ መሬት ግን ሰፊ ስለሆነ ብቻ ብዙ ይመስላል። ይህ አዲስ ጥበብም አይደለም። ፈረንሳዊው ሻርል ዱፓን በ1826 እ.ኤ.አ. የሀገሩን ትምህርት በጥላ ቀለም ባሳየ ጊዜ፣ የቀባው የተማሪዎችን ድምር አልነበረም፤ በየአውራጃው ለአንድ ወንድ ተማሪ ስንት ነዋሪ እንደሚደርስ ነበር። ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ያለ ኮምፒዩተር የታሰበውን እኛ ከነኮምፒዩተራችን ረሳነው ማለት ነው። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነበር ያሉት አባቶቻችን ለካ ካርታም ያውቁ ኖሯል!

ሆኖም ማካፈል ብቻውን አያድንም። ጉለሌን ተመልከቱ። በብዛትም በጥግግትም ካርታ ጉለሌ አምስተኛ ነው፤ 267,624 ሰው በ30.18 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ማለት በአንዱ ካሬ ኪሎ ሜትር 8,868 ሰው ያህል። ቀለሙም መካከለኛ፣ የማያስደነግጥ ነው። ግን ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ ሽቅብ ወደ እንጦጦ የወጣ ሰው እውነቱን ያውቀዋል። ከታች ቤቱ እርስ በርሱ ተደጋግፎ፣ አጥር ከአጥር ተነካክቶ ቆሟል፤ ከላይ ባሕር ዛፉና ገደሉ ነው። በአማካዩ ውስጥ ዛፉም ነዋሪ ሆኖ ተቆጥሯል። እንጨት ተሸክማ የምትወርደው እናት ሌሊት የምታድረው በየትኛው ግማሽ እንደሆነ ካርታው አይነግረንም። እንግዲህ ክፍለ ከተማው የሚደብቀውን ለማየት ወደ ወረዳ መውረድ፣ ይህም ካልተቻለ በካርታው ሥር በቃል መጻፍ ይገባል።

ሁለተኛው ክስ ስለ ዓመት ነው። ሰው ሲቆጠር የነበረው ወሰን ዛሬ ያለው ወሰን አይደለም። ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ተቋቋመ። የ1999ን ቁጥር አምጥቶ በ11ዱ ክፍለ ከተሞች ካርታ ላይ የሚያስቀምጥ ተማሪ ሁለት ስሕተት በአንድ ጊዜ ይሠራል፤ ለሚ ኩራን ሰው አልባ ያደርጋል፣ የቦሌንና የየካን የቀድሞ ሕዝብ ደግሞ በጠበበው መሬታቸው ላይ ያጨናንቃል። በሀገር ደረጃም እንዲሁ ነው። በ1999 ክልሎቹ 9 ነበሩ። ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በ2014 ክልል ሆኑ፤ በ2015 መጨረሻም የቀረው ደቡብ ማዕከላዊ ኢትዮጵያና ደቡብ ኢትዮጵያ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። «ደቡብ» ብለን የጻፍነው የድሮ ቁጥር በአዲሱ ካርታ ላይ የሚያርፍበት ቦታ የለውም። አራተኛው ቆጠራም በ2011 ሊደረግ ታስቦ ተላለፈ። ሆኖም የ1999 ቆጠራ በዞንና በወረዳ ጭምር ስለ ታተመ፣ ትዕግሥት ያለው ሰው ወረዳዎቹን እንደገና ደምሮ ከአዲሱ ወሰን ጋር ማስማማት ይችላል። ትዕግሥት የሌለው ደግሞ የድሮውን ቁጥር በድሮው ወሰን ይሥራ፤ ዓመቱን ግን ይጻፍ።

ሦስተኛው ክስ ከሁሉ ይከብደኛል። በ2013 ዓ.ም. የተደረገው የሥራ ኃይልና የፍልሰት ጥናት በዚያን ጊዜ በጦርነት ላይ የነበረችውን ትግራይን አላካተተም። ይህን መረጃ ወደ ሠንጠረዥ ሲያስገባ ባዶውን ሴል ላለመተው ብሎ ዜሮ የሚጽፍ ተማሪ አለ። ባዶና ዜሮ ግን ሰማይና ምድር ናቸው። ባዶ ማለት «አልጠየቅንም» ነው፤ ዜሮ ማለት «ጠይቀን አላገኘንም» ነው። በሥራ አጥነት ካርታ ላይ ዜሮ የተጻፈበት ክልል ከሁሉ ነጥቶ፣ ከሁሉ የተመቸው መስሎ ይታያል። መከራ በበዛበት ዘመን መከራ የለም ብሎ በቀለም መመስከር ማለት ይህ ነው። ሴሉን ባዶ ተዉት፤ በካርታው ላይም በግራጫ ቀለም «መረጃ የለም» ብላችሁ ጻፉ።

«ይህ የስታቲስቲክስ ሰዎች ጉዳይ ነው፤ እኛ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። አልስማማም። ካርታ ዓረፍተ ነገር ነው። «እዚህ ብዙ አለ፣ እዚያ ጥቂት አለ» ብሎ ይናገራል። በጽሑፍ ቢሆን ኖሮ «ከማን ጋር ሲነጻጸር? መቼ? ማን ነገረህ?» ብለን በመረመርነው ነበር። በቀለም ስለ ተነገረ ብቻ ለምን ዝም እንላለን? ደግሞም «ፕሮግራሙ ያወጣው ነው» ማለት መልስ አይሆንም። ፕሮግራሙ የሰጠነውን ይቀባል፤ ስሙን ካላወቀው ደግሞ ይተወዋል። ጉለሌን እንኳ በላቲን ፊደል አንዱ በአንድ «ኤል»፣ ሌላው በሁለት «ኤል» ይጽፈዋል። ስሪ ዲ ማፕስ ከሰጠነው ስም ምን ያህሉን በእርግጠኝነት ካርታው ላይ እንዳገኘ በመቶኛ ያሳያል፤ ይህን አኃዝ ሳያይ ካርታውን የሚያትም ሰው ስንቱን ሰፈር እንደጣለ አያውቅም።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። በየትምህርት ክፍሉ የሚቀርብ፣ በዚህም መጽሔት የሚወጣ ማንኛውም ባለ ቀለም ካርታ ከሥሩ ሦስት መስመር ይኑረው፤ ቁጥሩ ለምን እንደ ተካፈለ፣ ቁጥሩና ወሰኑ የየትኛው ዓመት እንደሆኑ፣ መረጃ ያልተገኘለትም ቦታ የትኛው እንደሆነ። ሦስቱ የሌሉበትን ካርታ ስናይ፣ የመምህርም ቢሆን የባለሥልጣን፣ እንደዚያ የመርካቶ ልጅ እጃችንን እናውጣ።

እኔ ካርታዬን አስተካክዬ እንደገና አቅርቤዋለሁ። ልጁም ጠጋ ብሎ አዲስ ከተማን ፈልጎ አገኘና «አሁን አለን» አለ።