ዕድሜ የጻፈው አልበም

ስለ አንጋፋ የሮክ ባንዶች የሚሰጠው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ «ዛሬም እንደ ድሮው ይጫወታሉ ወይ?» በሚል ጥያቄ ይጀምርና እዚያው ያልቃል። ጥያቄው የሚያምረው ለሯጭ ነው። ሯጭ በጉልበቱ ይመዘናል፤ ዘፈን የሚደርስ ሰው ግን ጉልበቱ ቢቀንስም ያየውና የመረመረው እየጨመረ ይሄዳል። ስለዚህ አንጋፋ ባንድ ሊጠየቅ የሚገባው፣ በወጣትነቱ ሊጽፈው የማይችለውን ዘፈን ዛሬ ጽፏል ወይ ተብሎ ነው። የእንግሊዙ የሄቪ ሜታል ባንድ አይረን ሜይደን እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው «ዘ ቡክ ኦፍ ሶልስ»፣ በአማርኛ «የነፍሳት መጽሐፍ» ልንለው የምንችለው አልበም፣ ይህን ፈተና አልፏል ብዬ አምናለሁ። ማስረጃዬን የምፈልገውም ከጊታሮቹ ፍጥነት ሳይሆን ከድርሰቱ ነው።

ባንዱን ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ስቲቭ ሃሪስ በምሥራቅ ለንደን የመሠረተው በ1975 ነበር። ይህ 16ኛው የስቱዲዮ አልበማቸው 11 ዘፈኖች ይዞ 92 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ፣ በሁለት ዲስክ የወጣ የመጀመሪያ የስቱዲዮ ሥራቸው ነው። ርዕሰ ጉዳዮቹ ላይ ላዩን ሲታዩ የተበታተኑ ይመስላሉ። የአልበሙን ስም የያዘው ዘፈን የማያ ነገሥታትን መቃብርና የሥልጣኔያቸውን ውድቀት ይተርካል። «ዴዝ ኦር ግሎሪ» በአንደኛው የዓለም ጦርነት አብራሪዎች ፍልሚያ ላይ ያተኩራል። «ቲርስ ኦፍ ኤ ክላውን» በ2014 ከዚህ ዓለም የተለየውን ኮሜዲያን ሮቢን ዊሊያምስን መነሻ ያደርጋል። ንጉሥ፣ ተዋጊና አሳቂ ምን ያገናኛቸዋል? ሦስቱም ከሩቅ ሲታዩ የከበሩ ናቸው፤ ዘፈኖቹ ግን ክብሩ ሲገለጥ ከሥሩ ምን እንዳለ ይጠይቃሉ። ድምቀትንና ፍጻሜን አንድ ላይ ማየት የአልበሙ መሠረታዊ ሐሳብ ነው።

ይህ እይታ የዕድሜ ፍሬ መሆኑን ለመረዳት የባንዱን ሁለት ዘፈኖች ጎን ለጎን ማድረግ ይበቃል። በ1983 ድምፃዊው ብሩስ ዲኪንሰን ከጊታር ተጫዋቹ ኤድሪያን ስሚዝ ጋር «ፍላይት ኦፍ ኢካረስ» የተባለውን ዘፈን ሲያወጣ ገና 24 ዓመቱ ነበር። መነሻው በሰም በተጣበቀ ክንፍ ወደ ፀሐይ ተጠግቶ ስለ ወደቀው ወጣት የሚተርከው የግሪክ አፈ ታሪክ ነው። ዘፈኑ ከአራት ደቂቃ አያልፍም፤ ውድቀቱም በአባትና በልጅ መካከል ያለ ጉዳይ ነው። ከ32 ዓመት በኋላ ዲኪንሰን እንደገና ከሰማይ ስለ መውደቅ የሚተርክ ዘፈን አወጣ። በዚህኛው አልበም ማብቂያ ላይ የተቀመጠው፣ ብቻውን የደረሰው «ኤምፓየር ኦፍ ዘ ክላውድስ» 18 ደቂቃ የሚፈጅ፣ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከባንዱ ዘፈኖች ሁሉ ረጅሙ ነው። የሚወድቀው ደግሞ የአፈ ታሪክ ልጅ ሳይሆን አር 101 የተባለችው የእንግሊዝ የአየር መርከብ ናት።

የመርከቧ ታሪክ በራሱ ትልቅ ትምህርት ነው። በሃይድሮጂን ጋዝ የምትንሳፈፈው አር 101 የእንግሊዝን ግዛት ዳር ድንበር በአየር እንድታገናኝ ታስባ የተሠራች ነበረች። የማንሳት አቅሟ በማነሱ አካሏ ተቆርጦ እንዲረዝም ተደረገ፤ ከዚያ በኋላ ግን በሙሉ ፍጥነቷ አልተፈተሸችም። የአየር ሚኒስትሩ ሎርድ ቶምሰን በእሷ ካራቺ ደርሰው ለታላቁ የግዛቱ ጉባኤ በጊዜ መመለስ ፈልገው ነበር። መስከረም ማብቂያ ላይ፣ በአውሮፓውያኑ ኦክቶበር 4 ቀን 1930 ምሽት፣ በመጥፎ አየር ከእንግሊዝ ተነሣች፤ ሌሊቱን ፈረንሳይ ውስጥ ቦቬ ከተማ አጠገብ ወድቃ ተቃጠለች። ከ54 ተሳፋሪዎች 48ቱ አለቁ፤ ሚኒስትሩም ከሟቾቹ አንዱ ነበሩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው። የ24 ዓመቱ ደራሲ ውድቀትን በአንድ ልጅ ድፍረት አሳየ፤ ራሱ የመንገደኛ አውሮፕላን አብራሪ የነበረው አንጋፋው ደራሲ ግን አደጋ በአንድ ሰው ጥፋት ብቻ እንደማይደርስ ያውቃል። ጥድፊያ፣ ኩራትና ዝምታ ተደራርበው ነው መርከቧን ያወረዷት።

«ለዚህ 18 ደቂቃ ምን አስፈለገ?» የሚሉ አሉ፤ ቅሬታቸው ከንቱ አይደለም። ሃሪስ ብቻውን የደረሰው «ዘ ሬድ ኤንድ ዘ ብላክ» ከ13 ደቂቃ በላይ ሲሄድ፣ ቃል አልባው አዝማቹ ሲመላለስ ሐሳቡ ወደፊት አይራመድም። እዚያ ርዝመቱ ልማድ ነው። ዲኪንሰን ግን ስለ አር 101 የሚተርከውን ዘፈን በፒያኖ ነው የጻፈው፤ በአልበሙ ላይም ፒያኖውን የተጫወተው ራሱ ነው። ጸጥ ያለው መግቢያ ተስፋውን ቀስ በቀስ ይገነባል፤ ጊታሮቹና ከበሮው ማዕበሉን ይዘው የሚመጡት አድማጩ መርከቧን ከወደዳት በኋላ ነው። በአራት ደቂቃ የሚወድቅ ነገር ያስደነግጥ ይሆናል፤ የሚያሳዝነው ግን አብረነው የቆየነው ሲወድቅ ነው።

ሌላው ተቃውሞ፣ ሄቪ ሜታል ከጥንት ጀምሮ ስለ ሞት ስለሚዘፍን ይህ ምን አዲስ ነገር አለው የሚል ነው። ልዩነቱ ያለው በአቀራረቡ ነው። በዚህ ሙዚቃ ሞት ብዙ ጊዜ ማስፈራሪያ ጌጥ ነው፤ እዚህ ግን መንስኤ፣ ቀንና ቁጥር አለው። አልበሙን የድምፃዊው ሕመም ውጤት አድርገው የሚያዩትም አሉ። ዲኪንሰን ምላሱ ላይ ካንሰር እንደተገኘበት የታወቀው በ2014 ፓሪስ ውስጥ የተካሄደው ቀረጻ ከተጠናቀቀ በኋላ ነው። ይህ ለሥራው ክብር ይጨምርለታል፤ ስለ ፍጻሜ እንዲያስቡ ያደረጋቸው የሐኪም ቃል አልነበረምና።

«ኤምፓየር ኦፍ ዘ ክላውድስ» በፒያኖ እንደ ጀመረ በፒያኖ ያበቃል። የጊታሩ ነጎድጓድ ካለፈ በኋላ የሚቀረው ድምፅ ዝግ ያለ ነው፤ የድል አዝማች የለውም፣ ጥፋተኛ ላይም ጣቱን አይቀስርም። በ24 ዓመቱ አንድ የሚወድቅ ልጅ ያየ ደራሲ፣ ሌላ ሦስት ዐሥርት ዓመታት ኖሮ አብረው የተሳፈሩትን ሁሉ ማየት ችሏል። አንጋፋነት ለዘፈን የሚያበረክተው ይህን ነው።