ለብቻው የሚላክ መምህር

«ኢንክሉሲቭነስ» የሚባለውን የጋራ ኮርስ ሳይወስድ የሚያልፍ ተማሪ በመካከላችን የለም። ሞጁሉን ሸምድደን፥ ተፈትነን፥ ውጤቱን ካየን በኋላ እንረሳዋለን። ለእኛ ነገሩ በዚህ ያበቃል። በልዩ ፍላጎት ትምህርት ተመርቆ መስማት በተሳናቸው ሕፃናት ፊት የሚቆመው ወንድማችን ግን እንዴት ይሁን?

ይህን የምንጠይቅ በጎተራ ኮንዶሚኒየም ተዳብለን የምንኖር ተማሪዎች ነን። አብሮን የሚኖር ጓደኛችን ባለፈው ዓመት ተመርቆ በከተማው በአንድ ት/ቤት ተመድቧል። ማታ ማታ ሲነግረን የምንሰማው ከሞጁሉ ጋር አይገጥምም።

ሕጉስ መልካም ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ትምህርት ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው የመምህራን ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ማዕቀፍ ጀማሪ መምህር ሁለት ዓመት በመካሪ መምህር እየተረዳ እንዲሠራ ደንግጎ ነበር። ታዲያ መካሪው ማን ነው? ጀማሪው የሒሳብ መምህር በግቢው አንድ አንጋፋ የሒሳብ መምህር አያጣም። የልዩ ፍላጎቱ ጀማሪ ግን ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው። ለጓደኛችን የተመደቡለት መካሪ ደግ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ብሬል በጣታቸው ነክተው፥ በምልክት ቋንቋ «ደኅና አደርክ» ብለው አያውቁም። ቅጹን ይፈርሙለታል። (በአገራችን ቅጽ ፈራሚ ጠፍቶ አያውቅም!)

በዚህ ላይ አንዱ ተመራቂ ዓይነ ስውሩንም፥ መስማት የተሳነውንም፥ ኦቲዝም ያለበትንም ሕፃን እኩል ያስተምራል ተብሎ ይላካል። ግእዝ የተማረ ዐረብኛም አያቅተውም እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ለልጃቸው የሚሆን ት/ቤት ያጡ እናት ነበሩ። ዕውቀቱ ከኮሌጅ ውጭም አለ፤ ጀማሪውን ከዚያ ጋር የሚያገናኘው ጠፋ እንጂ።

ዘመኑም ተለውጧል። ደመወዝ ከቤት ኪራይ ጋር መሮጥ ስላቃተው ብዙዎች ማስተማርን እንደ ጎተራ ማሳለጫ ያዩታል፤ ያልፉበታል እንጂ አይቆሙበትም። መምህሩ ሲለቅ ሌላ ሥራ ያገኝ ይሆናል። ሕፃኑ ግን በግቢው ቋንቋውን የሚያውቅለትን አንድ ሰው አጥቶ እዚያው ይቀመጣል።

ስለዚህ መካሪን ከአንድ ግቢ መፈለግ ይቅር እንላለን። የአጎራባች ት/ቤቶች የልዩ ፍላጎት መምህራን በሳምንት ግማሽ ቀን ከክፍል ነጻ ሆነው ይገናኙ። ጀማሪው አንጋፋው ሲያስተምር ተቀምጦ ይይ። ለምልክት ቋንቋም መስማት የተሳናቸው ምሩቃን ራሳቸው መካሪ ይሁኑ። «ክፍለ ጊዜውን ማን ይሸፍናል?» የሚል ርእሰ መምህር እንደማይጠፋ እናውቃለን፤ መምህሩ ጨርሶ ሲለቅስ ማን ሊሸፍነው ነው?

የተማሪዎች ኅብረታችንም ሚኒስቴሩን መጠበቅ የለበትም። የዘንድሮ ተመራቂዎች ከመበተናቸው በፊት ማን የት እንደ ተመደበ፥ በአካባቢውም ከቀደሙት ምሩቃን ማን እንዳለ መዝግቦ ያገናኛቸው። የሚጠይቀው አንድ ደብተርና አንድ ከሰዓት በኋላ ነው።