ማንም የማያምነው ልጅ

«ጉዝበምፕስ» የተባሉትን ተከታታይ አስፈሪ የልጆች መጻሕፍት በልጅነታቸው ያነበቡ ሰዎች ስለ መጻሕፍቱ ሲያወሩ መጀመሪያ የሚያነሡት ጭራቆቹን ነው። ነፍስ ዘርቶ የሚናገረው አሻንጉሊት ስላፒ፣ ከፊት አልላቀቅ ያለው ጭምብል፣ ክፉ ዕጣን አስቀድሞ የሚያነሣው ካሜራ። ሰሞኑን ከመጀመሪያዎቹ ቅጾች የተወሰኑትን ደግሜ ሳነብ ጭራቆቹ ብዙም አላስፈሩኝም። የከበደኝ የወላጆቹ ነገር ነው። ልጁ ያየውን ይናገራል፤ እናት «ሕልም አይተህ ነው» ትላለች፤ አባት ሳቅ ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ይህ ትዕይንት በየመጽሐፉ ሳይሰለች ይደጋገማል። የተከታታዩ እውነተኛ ፍርሃት ያለው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ደራሲው አር. ኤል. ስታይን እ.ኤ.አ. በ1943 በኦሃዮ ግዛት በኮሎምበስ ተወለደ። ወደ አስፈሪ ታሪክ ከመግባቱ በፊት ሥራው ልጆችን ማሳቅ ነበር፤ «ጆቪያል ቦብ ስታይን» በሚል ስም የቀልድ መጻሕፍት ይጽፍ፣ «ባናናስ» የተባለ የወጣቶች የቀልድ መጽሔትም ያዘጋጅ ነበር። በ1989 በአሥራዎቹ ዕድሜ ላሉ ወጣቶች «ፊር ስትሪት» የተባለውን አስፈሪ ተከታታይ ጀመረ። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1992፣ የስኮላስቲክ ማተሚያ ቤት የመጀመሪያውን «ጉዝበምፕስ» አወጣ። እስከ 1997 ድረስ 62 መጻሕፍት ታተሙ፤ በወር አንድ መጽሐፍ ገደማ ማለት ነው። የቲም ጃኮበስ የሽፋን ሥዕሎችም ውለታቸው ቀላል አይደለም። በዚያ ደማቅ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ቀለም፣ በእጅ ሲዳሰስ ጎበጥ በሚለው የርዕስ ጽሕፈት ተስቦ ብዙ መጽሐፍ የማይወድ ልጅ የመጀመሪያ መጽሐፉን ጨርሷል።

2ኛውን መጽሐፍ፣ ምድር ቤቱ ጋ እንዳትደርሱ የሚለውን፣ ከሁሉ አስበልጣለሁ። ማርጋሬትና ኬሲ እኅትና ወንድም ናቸው። አባታቸው የዕፅዋት ተመራማሪ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ ሥራው ተባሯል። ከዚያ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ምድር ቤት ተዘግቶ ይውላል፤ እንደ ድሮው አያጫውታቸውም፤ ቢጠጉት ይቆጣል። እናታቸው የታመመች እኅቷን ልታስታምም ሌላ ከተማ ሄዳለች። ልጆቹ ቀስ በቀስ ነገሩን ይደርሱበታል። ከራሱ የማያወልቀው ኮፍያ ሥር በፀጉር ፈንታ ቅጠል በቅሏል፤ የሚተኛበት አልጋ ላይ አፈር ተነስንሷል፤ ሲቆረጥ የሚፈሰው ደሙ አረንጓዴ ነው።

ቅጠሉንና አፈሩን ለጊዜው አንሥተን እንየው። የቀረው ምንድን ነው? ሥራ ያጣ፣ የተዋረደ፣ ዝም ያለ አባት፤ አባታቸው መሆኑን መጠራጠር የጀመሩ ልጆች። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ያደገ ልጅ በየአገሩ አለ። ስታይን «አባቴ ተለወጠ» የሚለውን የልጅ ፍርሃት ወስዶ ቃል በቃል አባትየውን ወደ ተክል ለወጠው። መጨረሻ ላይ ሁለት አባቶች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ሁለቱም «እኔ ነኝ እውነተኛው» ይላሉ። ማርጋሬት ቢላ አንሥታ የአንዱን ክንድ ትቆርጣለች፤ ደሙ ቀይ እንደሆነ ልታይ። ለልጆች በተጻፈ፣ ከመቶ ምናምን ገጽ በማይበልጥ ርካሽ መጽሐፍ ውስጥ፣ አንዲት ልጅ በአባቷ ሕይወት ላይ ልትፈርድ ትገደዳለች። ይህን ያነበበ አዋቂ «ተራ የልጆች ንባብ ነው» ብሎ እንዴት እንደሚያልፈው አይገባኝም።

11ኛው መጽሐፍ የጭምብሉ ታሪክ ነው። ካርሊ ቤት በቀላሉ የምትደነግጥ ልጅ ናት፤ ሁለት የትምህርት ቤት ልጆች ሳንድዊቿ ውስጥ ትል ከትተው ያስቁባታል። በሃሎዊን ማታ ልትበቀላቸው ከአንድ ሱቅ ጓዳ አስቀያሚ ጭምብል ታመጣለች። ጭምብሉ ይጣበቃል፤ ቆዳዋ ይሆናል፤ ድምፅዋና ጠባይዋም አብረው ይለወጣሉ። የሚያላቅቃት የፍቅር ምልክት ብቻ ነው፤ ያም እናቷ አስመስላ በጄሶ የሠራችላት የካርሊ ቤት ጭንቅላት ነው። የዚህን መጽሐፍ እናት የምወዳት ለዚህ ነው። በሌሎቹ ውስጥ እናት ለስሙ ታልፋለች፤ እዚህ ግን ልጇን አይታ፣ መልኳን በእጇ ሠርታ፣ «እንዲህ ነሽ» ብላታለች። ታሪኩ የተጸነሰው የስታይን ልጅ ፊቱ ላይ ያጠለቀው የፍራንከንስታይን ጭምብል አልወጣ ብሎት ሲታገል አባትየው ካየ በኋላ ነው።

ደካማ ጎኑን ደግሞ ሳልሸፋፍን ልናገር። ስታይን እያንዳንዱን ምዕራፍ በድንጋጤ የመዝጋት ልማድ አለው። ከጀርባ እጅ ይይዝሃል፤ ገጹን ስትገልጥ እጁ የታናሽ ወንድም ሆኖ ይገኛል። ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ በአምስተኛው አንባቢው ማመን ያቆማል፤ እውነተኛው አደጋ ሲመጣም ኃይሉ ተሟጧል። ገጸ ባሕርያቱም አብዛኞቹ 12 ዓመታቸው ነው፤ በስማቸው ካልሆነ በሌላ አይለዩም። የመጨረሻው ገጽ ላይ ታሪኩን የመገልበጥ አባዜውም አንዳንዱን መጽሐፍ ገድሎታል። 9ኛው ላይ ቢሊ የተባለ ልጅ የበጋ ካምፕ ውስጥ ጓደኞቹ አንድ በአንድ ሲጠፉበት ይሰቃያል። መጨረሻ ላይ ነገሩ ሁሉ ፈተና እንደነበር፣ ወላጆቹም ከአቀናባሪዎቹ ጋር እንደነበሩ ይነገረዋል። ልጁ ደስ ይለዋል! ያን ያህል ያስለቀሱትን ወላጆች ስታይን እንዴት ያለ አንዳች ጥያቄ እንዳሳለፋቸው እስካሁን ያናድደኛል።

ይኸው ዘዴ በ10ኛው መጽሐፍ ግን ውብ ሆኖ ይሠራል፤ መጨረሻውን ሳልናገር ላስረዳ ስለማልችል ያላነበበ ይህችን አንቀጽ ይዝለል። ሐና ክረምቱን ብቻዋን ታሳልፋለች፤ ለጓደኛዋ ደብዳቤ ትጽፋለች፤ መልስ የለም። ጎረቤቷ የመጣው ዳኒ የተባለ ልጅ መንፈስ ነው ብላ ትጠረጥራለች። መንፈሷ ግን ራሷ ናት፤ ከዓመታት በፊት ከቤተሰቧ ጋር በእሳት ሞታለች። ይህን ካወቀች በኋላ የምታደርገው ዳኒን ከእሳት ማዳን ነው። መጽሐፉ የወጣው በ1993 ነው፤ ተመሳሳይ ሐሳብ ይዞ ዓለምን ያስደነቀው «ዘ ሲክስዝ ሴንስ» ፊልም ከመውጣቱ ስድስት ዓመት በፊት። እዚህ ላይ መገለባበጡ ቀልድ አይደለም፤ የሐናን ብቸኝነት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እንደገና እንድናነበው ያስገድደናል።

እኔ ያደግኩበት ተረት ውስጥ ጭራቅ ወይም አያ ጅቦ የሚመጣው ልጁ የተነገረውን ሳይሰማ ሲቀር ነው። ጥፋቱ የልጁ ነው፤ አዋቂው አስጠንቅቋል። ስታይን ነገሩን ገልብጦታል፤ እዚህ ያልሰማው አዋቂው ነው። ወላጆች እነዚህን መጻሕፍት ሲጠሉ ባይሆን ይህን አውቀው ቢጠሉ ይሻላል። በ1990ዎቹ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ከመደርደሪያ ይነሡ ተብሎ ብዙ ጊዜ አቤቱታ ከቀረበባቸው መጻሕፍት መካከል ጉዝበምፕስ ይገኝበታል። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ባወጣው የዚያ ዐሥር ዓመት ዝርዝር አንደኛ የሆነውም ለልጆች የተዘጋጀ አስፈሪ መጽሐፍ ነው፤ የአልቪን ሽዋርትዝ በጨለማ የሚነገሩ ተረቶች ስብስብ። በዚያ መጽሐፍ ያሉት የስቲቨን ጋመል ሥዕሎች እንቅልፍ ይነሣሉ ተብለው በኋለኛ እትም ላይ በለዘቡ ሥዕሎች ተተክተው ነበር፤ አንባቢው አልቀበል በማለቱ በ2017 ተመልሰዋል። በ2023 ደግሞ የጉዝበምፕስ ዲጂታል እትሞች ላይ ቃላት መለወጣቸው ሲዘገብ፣ ስታይን ለውጦቹን አሳይቶት የሚያውቅ እንደሌለ ተናገረ።

ፍርሃትን ከልጅ መጽሐፍ ፍቆ ማውጣት ለልጁ ማሰብ አይመስለኝም። ልጁ ፍርሃቱን ከመጽሐፉ አላገኘውም፤ ይዞት ነው የመጣው። መጽሐፉ የሚሰጠው ስምና መልክ ነው፤ አንድ የዕድሜ እኩያው ያንኑ አይቶ፣ ማንም ሳያምነው ቀርቶ፣ እንደምንም ብሎ ሲወጣው ማየት ነው። ስታይን ራሱ ድንበር ያውቃል፤ በጉዝበምፕስ ልጆች አይገደሉም፤ ግድያውን ያቆየው ለትልልቆቹ፣ ለ«ፊር ስትሪት» አንባቢዎች ነው። ስለዚህ ሁለቱን ማምታታት አይገባም፤ የ«ፊር ስትሪት» መቼት በሆነችው በሻዲሳይድ ከተማ ወጣቶች በቅናትና በበቀል የሚሞቱበትን መጽሐፍ ለስምንት ዓመት ልጅ አልሰጥም።

አሜሪካ የሚያድጉ የእኛ ልጆችም እነዚህን መጻሕፍት በትምህርት ቤት ቦርሳቸው ይዘው ይገባሉ። ወላጅ ሽፋኑን አይቶ ከመቆጣቱ በፊት አንዱን አንሥቶ ያንብብ፤ ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ ማታ ያልቃል። በ10ኛው ይጀምር፤ ቀጥሎ 11ኛውን። የምድር ቤቱን ከልጁ ጋር አብሮ ቢያነበው እመርጣለሁ፤ በተለይ ቤት ውስጥ ሥራ ያጣ ሰው ካለ። የተከታታዩ መጀመሪያ የሆነው የሙታን ቤት ግን ለሌላ ዓመት ይቆይ፤ ከተከታዮቹ ይልቅ የጨለመ ነው፣ ቀልዱም ገና አልገባበትም፤ የቤተሰቡ ውሻም ይሞታል።