ክልል በድምፅ ተገኘ፤ ደመወዝስ?

ብሔርተኝነት ሲነሳ «ፖለቲከኞች ሕዝቡን አታለው ነው» የምትባል ነገር አለች። እኔ አትዋጥልኝም። ሐዋሳን እንይ።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው በሐምሌ 2008 ነው። ከሲዳማ ገጠርና ከአጎራባች አካባቢዎች የመጡ ወጣት ሴቶች ለውጭ ብራንዶች ሸሚዝ መስፋት ጀመሩ። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲው ስተርን ማዕከል በ2011 ባወጣው ጥናት መነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር ነበር። ከእሱ ላይ የቤት ኪራይ ቀንሱና የቀረውን ለ30 ቀን አካፍሉት።

እዚያው ሐዋሳ፣ በኅዳር 2012 ደግሞ ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ። 98.5 በመቶው ድምፅ ለሲዳማ ክልልነት ሆነ። ጥያቄው የቆየም ተገቢም ነበር፤ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። የሚገርመኝ ሌላ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 ላይ መንገዱን ቁልጭ አድርጎ አስቀምጧል፦ የብሔሩ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናል፣ ጥያቄው በጽሑፍ ይቀርባል፣ ክልሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል። ቀነ ገደብ አለው! ቀኑ ሲያልፍ ሰው አደባባይ ወጣ፤ በሐምሌ 2011 ሕይወት የጠፋውም በዚሁ ነው።

የደመወዙስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝን የሚመለከት ቦርድ ይኖራል ይላል። መቼ? ዝም። ኢሠማኮ ዓመታት ወትውቷል፤ ይህን እስከምጽፍ ድረስ ለግል ድርጅት ሠራተኛ የተቀመጠ ወለል የለም።

እንግዲህ ስፌት ላይ ያለችዋ ልጅ ሁለት ጥያቄ አላት። አንደኛው ፓርቲ፣ ምክር ቤት፣ በጀት አለው። ሁለተኛው የሚያንኳኳው በር እንኳ የለውም። የትኛው ጋ ትሰለፍ? እኔ ብሆንም ውጤት ወዳለበት ነው የምሄደው።

«ብሔሩን ተዉትና ስለ ዳቦ እናውራ» የሚሉን ወዳጆቻችን (ብዙዎቹ ዳቦው አልጎደለባቸውም) አንድ ነገር ይረሳሉ። «መሬት ላራሹ» በደቡብ ያን ያህል የሰመረው ሁለቱን ስላልነጣጠለ ነው። ባለርስቱና ጭሰኛው በኑሮም በቋንቋም ይለያዩ ነበር፤ የካቲት 25 ቀን 1967 የታወጀው የመሬት አዋጅ የሁለቱንም ቁስል ነካ። ዛሬ ግን ፎቁን የሚሠራውም ተከራዩም ብዙ ጊዜ የአንድ ብሔር ልጆች ናቸው፣ ስለዚህ የብሔር ፖለቲካው የኪራዩን ጥያቄ ማንሳት አይመቸውም።

በሚቀጥለው ምርጫ የፓርቲዎችን ማኒፌስቶ በፒዲኤፍ አውርዱና መፈለጊያው ላይ «ዝቅተኛ ደመወዝ» ብላችሁ ጻፉ። ከተገኘ፣ አጠገቡ ቀን ተጽፎ እንደሆነ እዩ።