ሃዛርድ እና ሪስክ፦ ስለ አስፓርቴም የተሰጡ ሁለት መልሶች

ሐምሌ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ስኳር አልባ ለስላሳ መጠጦችን ስለሚያጣፍጠው አስፓርቴም ሁለት ግምገማዎች በአንድ ቀን ወጡ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ከሚባሉት ጋር መደበው። ድርጅቱ ከዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ጋር ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚቴ ደግሞ ለቀን የተፈቀደው ጣሪያ፣ በአንድ ኪሎ ክብደት 40 ሚሊግራም፣ እንዳለ ይቀጥል አለ።

ብዙ ሰው ግራ ተጋባ፤ ሁለቱ ግን የመለሱት የተለያየ ጥያቄ ነበር። ኤጀንሲው ያየው በእንግሊዝኛ ሃዛርድ የሚባለውን ነው፦ ነገሩ በባሕርይው ጉዳት የማድረስ አቅም አለው ወይ? ኮሚቴው ያየው ሪስክን ነው፦ ሰው በሚወስደው መጠን ያ ጉዳት የመድረስ ዕድሉ ምን ያህል ነው? በስሌቱ መሠረት 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ጣሪያውን ለማለፍ፣ ከሌላ ምግብ የሚያገኘው ከሌለ፣ በቀን ከ9 እስከ 14 ጣሳ የሚበልጥ መጠጣት አለበት።

መጠኑ ካልተነገረ የአደገኛነቱ ዜና ያሳስታል የሚሉ ወገኖች ጠንካራ ማስረጃ አላቸው። ይኸው ኤጀንሲ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ቋሊማንና መሰል የተቀነባበረ ሥጋን ትምባሆ ባለበት ምድብ 1 ውስጥ አስገባ። ምድቡ የሚናገረው ማስረጃው ምን ያህል እንደጠነከረ ብቻ ነው። በየቀኑ 50 ግራም የተቀነባበረ ሥጋ መብላት የትልቁ አንጀት ካንሰርን ዕድል በ18 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርጋል፤ ማጨስ ግን የሳንባ ካንሰርን ዕድል ብዙ እጥፍ ያንረዋል። ይህን ሳይናገሩ ሁለቱን ጎን ለጎን መጥራት ሰውን ያለ አግባብ ማስደንገጥ ነው።

በሌላ በኩል የሪስክ ስሌት የሚታመነው ስለ ተጠቃሚው የተያዘው ግምት እውነት እስከሆነ ድረስ ነው። ፀረ ተባይ የሚረጨው ሰው ጓንትና ጭምብል ያደርጋል ተብሎ ይሰላል። ማሳው ላይ ግን መርዙን በባዶ እጁ በጥብጦ፣ አፍንጫውን በነጠላ ሸፍኖ የሚረጭ ገበሬ አለ። ለእሱ ወረቀት ላይ የተሰላው ቁጥር ዋስትና አይሆነውም። የአውሮፓ ኅብረት አንዳንድ መርዞችን መጠን ሳያሰላ፣ በባሕርያቸው ብቻ፣ በመርህ ደረጃ የሚከለክለው አንዱም ለዚህ ይመስለኛል።

ስለዚህ በእኔ ሚዛን ጣሳ ላይ ያለው መጠን ስለሚታወቅ ለጣፋጩ ሪስክ ያመዝናል፤ ለመርዙ ሃዛርድ። የጤና ዜና የምትሠሩ ጋዜጠኞች፣ «ካንሰር ያመጣል» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት የትኛው እንደተመዘነ ጠይቁ፤ መጠኑንም አብራችሁ ጻፉ።