ከቦሌ አስመራ ስንት ሰዓት ነው?

እስቲ ተራ ጥያቄ እንጠይቅ። ከቦሌ አስመራ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ይፈጃል? ካርታ ዘርግቶ ማስመሪያ ላስቀመጠ ሰው መልሱ ቀላል ነው። አንዱ ደቡብ ሌላው ሰሜን ሆነው ፊት ለፊት የሚተያዩ ከተሞች ናቸው። በቀጥታ መስመር 700 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቢበዛ ቢበዛ አንድ ሰዓት ከሩብ ግድም። የተቀዳው ቡና ተጠጥቶ ሲኒው ሳይሰበሰብ ደረስን ማለት ነው። በቃ!

ፖለቲከኛን ከጠየቃችሁት ግን መልሱ ሌላ ነው። እሱ መንገድን የሚለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በኩርፊያ ነው።

በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጫር በረራው ተቋረጠ። ታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ ሰላም ተፈረመ። ጥይቱ ቆመ፤ አውሮፕላኑ ግን አልተነሳም። የሰዓት ከሩቡ መንገድ ሃያ ዓመት ፈጀ! ቪዛ ቀንቶት መሄድ የቻለ ሰው በካይሮ ወይም በሌላ አገር መዞር ነበረበት። አስሉት እንግዲህ፦ ከአዲስ አበባ ካይሮ 2,470 ኪሎ ሜትር ግድም፣ ከካይሮ አስመራ 1,800 ግድም። ሲደመር ከ4,200 በላይ፤ ስድስት እጥፍ! ጎረቤት ለመጠየቅ እስከ ዓባይ መጨረሻ ወርዶ መመለስ ማለት ነው። እናቱ የሞተችበት ልጅ ካይሮ ወንበር ላይ ሲያንጎላጅ እሷ አፈር ለብሳለች። ለቅሶ ቀጠሮ ይሰጣል እንዴ?

ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. በረራው ሲጀመር ሰው አለቀሰ፣ ጨፈረ፣ አስመራ ሲያርፍ መሬት ሳመ። ያን ቀን ተራራ አልተናደም፤ ምድርም አልጠበበችም። ሁለት ሰዎች ተጨባበጡ፣ ርቀቱ አጠረ። እኛም እሰየው አልን። ችግሩ ግን እዚያው ላይ ነበር። በጭብጨባ የተከፈተ በር በኩርፊያ ይዘጋል። ሐምሌ 2 ቀን የተፈረመችው ባለ አምስት ነጥብ መግለጫ ትራንስፖርት ይቀጥላል አለች እንጂ ሲጣሉ ማን ይዳኛል የሚለውን አልነገረችንም።

ውጤቱን አየነው። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የተከፈተው የየብስ ድንበር በወራት ውስጥ ተመልሶ ተዘጋ። በ2016 ዓ.ም. ክረምት አስመራ ሻንጣ ይጠፋል፣ ዋጋ ተወደደ ብላ የኢትዮጵያን አየር መንገድ እንደምታግድ አስታወቀች። አየር መንገዱ በበኩሉ ባንክ ያለ ገንዘቤን ማንቀሳቀስ አልቻልኩም አለ። ቀኑ ሳይደርስ፣ ነሐሴ 28፣ በረራው ቆመ።

ማን ልክ ነው? ሁለቱም ያስረዱ። ግን የሻንጣ ክርክር የካሳ ጉዳይ ነው፤ የባንክ ክርክርም የሂሳብ ጉዳይ ነው። ለዚህ ሽማግሌም ዳኛም አለ። ነገሩ “ሉዓላዊነት ነው” የሚሉን አሉ። ይሁን! ሉዓላዊ አገር ዕዳውን ሲተሳሰብ ተሳፋሪውን መያዣ ማድረግ አለበት ያለው ማነው? ትኬት ቆርጦ የቀረው ሽማግሌ የማንን ገንዘብ ያዘ?

የምንለው አጭር ነው። ሰው ከሰው የሚገናኝበት በረራ በመሪዎች ፈገግታ ላይ አይንጠልጠል። ግልጽ ውል ይፈረም፣ ሕዝብ ይወቀው፣ ጠብ ሲመጣም ዳኛው ቀድሞ ይታወቅ። አለዚያ የአስመራ መንገድ መቼም ልኩ አይታወቅም፦ ሲፋቀሩ ሰዓት ከሩብ፣ ሲኮራረፉ ሃያ ዓመት!