ጀበናው በዛ፣ ጓሳው የት ገባ?

ኧረ ጎበዝ፣ ስንት ጀበና ግድግዳ ላይ እንስቀል? ሰሞኑን አዲስ አበባ ውስጥ ስሙን ከማልጠቅሰው አንድ የሥዕል መሸጫ ጎራ ብዬ ነበር። ጀበና፣ ላሊበላ፣ ዓይናቸው የፈጠጠ መላእክት፣ እንደገና ጀበና። «የመንዝ ጓሳ የለም?» ብል ሻጩ ሳቀብኝ። «ወንድሜ፣ ፈረንጅ ያላወቀውን ማን ይገዛል?»

ይኸው ነው እንግዲህ! የምንሥለውን የሚመርጥልን የቱሪስት ኪስ ሆኗል።

ለመሆኑ ጓሳ ምን ጎደለው? ከባሕር ወለል ከ3200 ሜትር በላይ የተዘረጋ፣ ጅብራ የቆመበት፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚውልበት ምድር ነው። የመንዝ ገበሬ «ቄሮ» በሚባለው ሥርዓት፣ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ፣ ሣሩን በገዛ ሕጉ ሲጠብቀው ኖሯል። መርሐቤቴ ሲወርዱ ደግሞ ጀማና ወንጪት የቦረቦሩት ገደል አለ። ለሠዓሊ ከዚህ በላይ ምን ይቅረብለት?

መጽሐፉም ከዚያው አፈር የበቀለ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የመርሐቤቴ ልጅ ናቸው። «ወዳጄ ልቤ»ን በ1915፣ «አዲስ ዓለም»ን በ1925 ዓ.ም. አሳትመው፣ በ1931 ዓ.ም. በስደት እንግሊዝ አገር አረፉ። የ«አዲስ ዓለም»ው አወቀ ፓሪስ ተምሮ ተመልሶ ከተዝካር ድግስ ልማድ ጋር ሲላተም፣ ይህ ሥዕል አይወጣውም? ፈረንሳዊው ጉስታቭ ዶሬ በ1863 እ.ኤ.አ. የስፔኑን ዶን ኪሾት ሣለ፤ ዛሬም ብዙ ሰው ያንን ከሲታ ፈረሰኛ የሚያየው በዶሬ ዓይን ነው። የእኛን አወቀ ግን እኔ በዞርኩባቸው አዳራሾች መልኩን አላየሁትም።

«አቅም የለንም» የሚል ይኖራል። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ አንኮበር ተወልደው አይደል እንዴ በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር መስተዋት ላይ የአፍሪካን ነፃነት የሣሉት?

ሠዓሊውን ብቻ አልወቅስም፤ የቤት ኪራይ አለበት። የባህል ሹማምንቱን ግን ሪባን ሲቆርጡ እንጂ ሥዕል ሲገዙ አላየኋቸውም። ለድግስ የሚወጣው ገንዘብ ሩቡ ለሸራና ለቀለም ቢውል ምን ነበረበት?

«መንገዱ ሰላም አይደለም» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. መገባደጃ ወዲህ የአማራ ክልል በጦርነት ሲታመስ ከርሟል። ታዲያ ገበሬው መከራ ላይ ባለበት ጊዜ አገሩን ካልሣልነው መቼ ልንሥለው ነው? ደግሞስ «ወዳጄ ልቤ»ን ለማንበብ የትኛው ኬላ ያስቆማል?

ጀበናው ይውረድ። ቡናውን ጠጥተን ጨርሰናል!